ከዶዶ የተረፉት የሞሪሽየስ ብርቅዬ እንስሳት

ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የምትገኘው ሞሪሽየስ ስሟ የሚነሳው ዛሬ በሌለች ወፍ ነው፡፡ መብረር የማትችለው ዶዶ የደች መርከበኞች እ.ኤ.አ. በ1598 ደሴቲቱን ከረገጡ በኋላ አንድ ምዕት ዓመት እንኳ አልቆየችም፡፡ ለመጥፋቷ ምክንያቱ አደን ብቻ አልነበረም፡፡ በመርከብ የመጡ አይጦች፣ አሳማዎችና ጦጣዎች እንቁላሏንና ጫጩቷን በልተዋል፡፡ ደኑም ለሸንኮራ አገዳ እርሻ በመመንጠሩ ዛሬ ሳይጎዳ የቀረው ነባር ደን ከ2 በመቶ አይበልጥም፡፡

ከጥፋት የተረፉት ብርቅዬዎች ታሪክ ግን ተስፋ ይሰጣል፡፡

የሞሪሽየስ ጭልፊት፡- እ.ኤ.አ. በ1974 በዱር መኖራቸው የታወቀው 4 ብቻ ነበሩ፡፡ ከደን መመናመን ሌላ ለወባ መከላከያ የተረጨው ዲዲቲ ጎድቷቸዋል፡፡ ካርል ጆንስና ባልደረቦቻቸው የመጀመሪያዎቹን እንቁላሎች ከጎጆ እየወሰዱ በማሽን ሲያስፈለፍሉ እናቲቱ ሌላ ትጥላለች፡፡ በዚህ ዘዴ ቁጥራቸው ወደ መቶዎች ከፍ ቢልም፣ ኋላ ላይ በመቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2014 ዳግም «ለመጥፋት የተቃረቡ» ከሚባሉት ተመደቡ፡፡

ሮዝ ርግብ፡- እ.ኤ.አ. በ1990 ገደማ በዱር የቀሩት 10 ያህል ነበሩ፡፡ ዛሬ በመቶዎች ይቆጠራሉ፡፡ ከመኖሪያዎቻቸው አንዷ የሆነችው 26 ሔክታር ስፋት ያላት ኢል ኦ ዜግሬት ደሴት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ዋካሺዮ የተባለችው መርከብ አጠገቧ ተሰብራ ነዳጅ ባፈሰሰች ጊዜ ለአደጋ ተጋልጣ ነበር፡፡

ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፍ፡- አከራካሪው እንስሳ ይኸው ነው፡፡ ማንጎና ላይቺ አምራቾች ምርታችንን ጨረሰብን ሲሉ፣ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የሌሊት ወፎችን አስገድሏል፡፡ ይህም ዝርያው እ.ኤ.አ. በ2018 «ለመጥፋት የተቃረበ» ተብሎ እንዲመዘገብ ምክንያት ሆኗል፡፡ የጥበቃ ባለሙያዎች ዛፎቹን በመረብ መሸፈን ይሻላል ባይ ናቸው፡፡ የነባር ዛፎችን ዘር የሚበትነው ይህ እንስሳ ከጠፋ፣ ጭልፊቱም ርግቡም የሚኖሩበት ደን ራሱን የሚተካበት ዋነኛ መንገድ ይዘጋልና፡፡