አንድ ዝርያ ወይስ ዐሥራ አምስት? የጣና ነጭ ዓሦች አመዳደብና የዝግመተ ለውጥ ማስረጃነታቸው

ከአምበር እስከ ሞጣ ያለው የምሥራቅ ጎጃም ደጋ ውኃ መድረሻው ዓባይ ነው። ከጮቄ ተራሮች የሚነሱት የሱሃና የሙጋ ወንዞችም መጨረሻቸው እዚያው ነው። በዚህ የዓባይ ክፍል የሚጠመድ ነጭ ዓሣ ግን ሽቅብ ዋኝቶ ጣና አይደርስም። 40 ሜትር ገደማ የሚወረወረው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ይመልሰዋል። ስለዚህ ከፏፏቴው በላይ የቀሩት ነጭ ዓሦች፣ በሳይንስ ስማቸው ላቢዮባርበስ፣ ከበታቾቹ ዘመዶቻቸው ተለይተው የየራሳቸውን መንገድ ያዙ።

ምን ያህል እንደተለዩ ግን ምሁራን ሲከራከሩበት ኖረዋል። ጀርመናዊው ሩፔል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከጣና የወሰዳቸውን ዓሦች በተለያዩ ስሞች መዘገበ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሌሎች ስሞች ተጨመሩና ዝርዝሩ ተምታታ። በ1973 እንግሊዛዊው ባኒስተር ሁሉንም ባርበስ ኢንተርሚዲየስ በሚል አንድ ዝርያ ጠቀለላቸው። ይህ የስንፍና ፍርድ አልነበረም፤ ለጥናት አልኮል ውስጥ የቆየ ዓሣ ቀለሙን ያጣል፣ በአንዱና በሌላው መልክ መካከል ያለውም ድንበር ይደበዝዛል። ናግልከርከና ሲቢንግ የተባሉት የሆላንድ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ ገና የተጠመደውን ዓሣ ራስና መንጋጋ ለኩ፤ ምግቡንና የሚኖርበትን ጥልቀት መዘገቡ። ዐሥራ አምስት ያህል ዝርያዎችንም ለዩ።

ከእነዚህ ውስጥ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አዳኝ ናቸው። ጉዳዩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። ነጭ ዓሣ የካርፕ ዘመድ ነው፤ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፣ ያለው ጥርስ ጉሮሮው ውስጥ ነው፣ ጨጓራም አልተፈጠረለትም። ለአደን ከባዶ የሚሠራ አካል ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልሆነ። የጣና አዳኞች ግን ከአባቶቻቸው የወረሱትን ጥርስ አልባ አፍ እያሰፉና ሰውነታቸውን እያረዘሙ አደን ጀመሩ። ከወረሰው አካል ጋር የሚታገል እንዲህ ያለ ኑሮ፣ ለኔ ከብዙ ቅሪተ አካል ይልቅ የዘር ሐረግን ይመሰክራል።

የወገን ስማቸውም ከባርበስ ወደ ላቢዮባርበስ የተለወጠው በምክንያት ነው። የአውሮፓው ባርበስ 100፣ የአፍሪካ ትናንሽ ባርበሶች 50 ገደማ ክሮሞዞም ሲኖራቸው በኢትዮጵያ ትልልቆቹ ላይ የተቆጠረው 150 ገደማ ነው፤ ከስድስት እጥፍ የተገነባ ማለት ነው። መልክ ያቀራረባቸውን ክሮሞዞም ለያቸው።

ዕድሜያቸውን በተመለከተ ደግሞ የሐይቁ ደለል ይናገራል። በ2007 የታተመ ጥናት ጣና ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበር አሳይቷል። የዛሬዎቹ የሐይቅ ዝርያዎች የተለያዩት ውኃው ከተመለሰ በኋላ ከሆነ፣ በዝግመተ ለውጥ ሚዛን ይህ የትናንት ታሪክ ነው። በዝርያዎቹ መካከል ያለው የዘረመል ልዩነት እጅግ ትንሽ መሆኑም ከዚህ ጋር ይስማማል። ባኒስተር የደበዘዘ ድንበር ማየቱ እንግዲህ አይደንቅም፤ መለያየቱ ገና አላለቀምና። ሊኒየስ በ18ኛው መቶ ዓመት ያቆመው የምደባ ሥርዓት ዝርያን እንደ ቋሚ ሣጥን ያየ ነበር፤ ጣና ላይ ሣጥኑ አይዘጋም።

ከዝርያዎቹ ግማሽ ያህሉ በክረምት ጉማራን፣ ርብን፣ መገጭንና ግልገል ዓባይን ሽቅብ ወጥተው ይራባሉ፤ ሲራቡም በጊዜና በቦታ ይለያያሉ። ለየብቻ ያቆያቸው አንዱ ነገር ይኸው ነው። በዚያው ወቅት ወንዝ አፍ ላይ የሚዘረጋ መረብ ግን እንቁላል የያዘውን ዓሣ በጅምላ ያፍሳል። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ወንዝ አፍ ላይ መረብ መጣል ሊከለከል፣ ክልከላውም በተግባር ሊጠበቅ ይገባል።