ሰርዶ ለዝናብ አጠር አካባቢ የሚስማማ የግቢ ሣር

የስማዳ ወረዳ ዋና ከተማ ወገዳ ድርቅ በተደጋጋሚ በሚያጠቃው የደቡብ ጎንደር ዞን ክፍል ትገኛለች፡፡ ወረዳው በ1997 ዓ.ም በተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት አንዱ ነበር፡፡

በእንዲህ ያለ ስፍራ የመኖሪያ ወይም የመሥሪያ ቤት ግቢን በሣር ለመሸፈን የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሊያሰላ የሚገባው ውኃውን ነው፡፡ በ100 ካሬ ሜትር ሣር ላይ የ25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ያህል ለማጠጣት 2 ሺህ 500 ሊትር፣ ማለትም 125 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ያስፈልጋል፡፡ ይህን ያህል ውኃ በበጋ ለሣር ማዋል ተገቢ አይሆንም፡፡

ሰርዶ ግን በበጋ ላዩ ቢደርቅም ከመሬት በታች የሚሳበው ግንዱ ሕይወት ስለሚኖረው ዝናብ ሲጥል መልሶ ያቆጠቁጣል፡፡ በመሆኑም የደረቀውን ሣር ሞቷል ብሎ መንቀል ስህተት ነው፤ በዚህ ወቅት የሚጎዳው ይበልጡን የከብትና የእግረኛ ርግጫ ነው፡፡

ተከላው የክረምቱ ዝናብ ሲጸና ቁርጥራጩን በመቅበር ይከናወናል፡፡ ሲታጨድ ከ5 ሴንቲ ሜትር ባያጥርና በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሲሶ በላይ ባይቆረጥ ይመረጣል፤ እጫጁም ለመኖ ይውላል፡፡ ሰርዶ በእርሻ ላይ አስቸጋሪ አረም በመሆኑ ወደ ጓሮ አትክልት የሚሻገረው ሐረግ በየጊዜው መቆረጥ ይኖርበታል፡፡