በጋምቤላ ቤት ሲገዙ የአካባቢ ጠበቃ ምን ያጣራልዎታል?

በጋምቤላ ከተማ ቤት ለሚገዛ ሰው በዋጋ መስማማት የሥራው ጅማሬ እንጂ ፍጻሜው አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደንግጎ ሽያጩን ከልክሏል፤ የሚሸጠው በላዩ የተሠራው ቤት ነው። በዚህም ምክንያት የእርሻ ማሳ በሽያጭ የገዛ አርሶ አደር ውሉ በሕግ ፊት አይጸናለትም።

በአካባቢው የሚሠራ ጠበቃ ጥቅሙ መዝገቡ ወዳለበት ጽሕፈት ቤት ራሱ ሄዶ ማየት መቻሉ ነው። ከክፍያ በፊት የሚከተሉትን ያጣራል፦

• ካርታው በማን ስም እንደተመዘገበ፤
• የባንክ መያዣ ወይም የፍርድ ቤት ዕግድ እንዳለበት፤
• ያልተከፈለ ግብር ወይም የሊዝ ዕዳ መኖሩን፤
• ቤቱ የጋራ ከሆነ የትዳር ጓደኛ፣ የውርስ ከሆነ ወራሾች ሁሉ መስማማታቸውን።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲደረግ ያዛል። በመንደር ሽማግሌዎች ፊት ብቻ የተፈረመ ወረቀት ይህን አያሟላም።

ቀብድም በጥንቃቄ ይሰጥ። በቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ውሉን የሚተው ገዢ ቀብዱን ያጣል፤ የሚተው ሻጭ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል።

ውሉ ከተፈረመ በኋላ ስም ማዛወሩ አይዘግይ። ካርታው በገዢው ስም እስኪዞር ድረስ የሻጩ ባለገንዘቦች ቤቱን ሊያስይዙት ይችላሉ። ጠበቃውም የጥብቅና ፈቃዱን እንዲያሳይና ለሻጩ የማይሠራ መሆኑን እንዲያረጋግጥ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።