ዋጋ የወጣላት ንግሥት

በኤፕሪል 2025 በኬንያ፣ በናይቫሻ ከተማ፣ ሁለት ቤልጂየማውያን ወጣቶች ባረፉበት የእንግዳ ማረፊያ ተያዙ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በእጃቸው የተገኘው የዝሆን ጥርስ ወይም የአውራሪስ ቀንድ አልነበረም። ከ2,200 በሚበልጡ፣ ጥጥ በተወተፈባቸው ትናንሽ ቱቦዎች ውስጥ የታሸጉ 5,000 ያህል ንግሥት ጉንዳኖች ነበሩ። በዚያው ሰሞን አንድ ቬትናማዊና አንድ ኬንያዊ 400 ያህል ጉንዳኖች ይዘው ተገኝተው በሌላ መዝገብ ተከሰሱ። ፍርድ ቤቱ ሜይ 7 ቀን በዋለው ችሎት አራቱም እያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ፣ ማለትም 7,700 ዶላር ገደማ፣ እንዲከፍሉ፣ አለዚያም 12 ወር እንዲታሰሩ ፈረደ።

የጉንዳን ስርቆት ክስ ፈገግታ ሊጭር ይችላል። ለኢኮኖሚ ታሪክ ተማሪ ግን ጉዳዩ ከባድ ጥያቄ ያነሣል። ለሺህ ዓመታት ማንም ዋጋ ያላወጣላት ፍጥረት በምን ምክንያት ሸቀጥ ሆነች? የተለመደው መልስ «ብርቅ ስለሆነች» የሚል ነው። ይህ መልስ አያጠግብም፤ ብርቅ ሆነው ዋጋ የሌላቸው ፍጥረታት እልፍ ናቸውና። በእኔ አስተያየት ዋጋውን የፈጠረው እርሷን ከነሕይወቷ ማርኮ የማቆየት ዕውቀት ነው። ይህ ዕውቀት ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም ትርፉ ወዴት እንደሚሄድ ያመለክታል።

የሰሎሞን ጉንዳን

የጉንዳኗ ሳይንሳዊ ስም ሜሶር ሴፋሎቴስ ይባላል። «ሜሶር» በላቲን አጫጅ ማለት ነው። ይህን የወገን ስም በ1890 ያወጣው ስዊዘርላንዳዊው ሐኪምና የጉንዳን ተመራማሪ ኦግስት ፎረል ሲሆን፣ ይህችን የምሥራቅ አፍሪካ ዝርያ በ1895 በሳይንስ መዝገብ ያስገባት ጣሊያናዊው ካርሎ ኤመሪ ነው። ጉንዳኗ የሣር ዘር እየለቀመች ከምድር በታች ባለ ጎተራዋ ታከማቻለች። ንግሥቲቱ 2 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ስለምትረዝም፣ በዓለም ካሉት እህል ሰብሳቢ ጉንዳኖች ከግዙፎቹ ትመደባለች።

ወገኗ ከሰው ልጅ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። መጽሐፈ ምሳሌ ሰነፉን ሰው ከጉንዳን ይማር ዘንድ ሲልከው፣ የአማርኛው ትርጉም «ገብረ ጉንዳን» የሚላት ያቺ በበጋ መብሏን የምታሰናዳ ፍጥረት፣ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች እንደሚስማሙበት፣ ከዚሁ ከሜሶር ወገን ናት። በ200 ዓ.ም. ገደማ የተጠናቀረው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ ሚሽና ደግሞ ወደ ባለቤትነት ክርክር ይገባል። በጉንዳን ጉድጓድ ውስጥ የተገኘ እህል የማን ነው? ሰብሉ ገና ካልታጨደ የእርሻው ባለቤት ነው ይላል። አጫጆቹ ካለፉ በኋላ ከሆነ ግን ከላይ ያለው የድኾች፣ ከታች ያለው የባለቤቱ ይሆናል። ረቢ ሜይር በዚህ አልተስማሙም። ቃርሚያ መሆኑ ያጠራጠረ እህል እንደ ቃርሚያ ሊቆጠር ስለሚገባው፣ ሁሉም የድኾች ነው አሉ።

የጥንቱ ዓለም ይህን ያህል ያወቀውን ነገር የአውሮፓ ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ አላመኑም። በሰሜኑ ብርድ አገር ጉንዳን ክረምቱን ደንዝዞ ስለሚያሳልፍ ጎተራ አያሻውም። ስለዚህ ጥንታውያኑ የጉንዳኑን ነጭ ድብልብል ሙሽሬ ከእህል ጋር አምታተውት ነው ተባለ። በሕንድ ያገለገሉ እንግሊዛውያን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተቃራኒውን ማስረጃ አቅርበው ነበር። ክርክሩን የዘጋው ግን ለጤናው ሲል በደቡብ ፈረንሳይ በመንቶን ይከርም የነበረው ጆን ትራኸርን ሞግሪጅ ነው። ጎተራዎቹን ቆፍሮ ዘሩን አሳየና በ1873 በመጽሐፍ አወጣው። ገበሬ የሚያውቀው ነገር «ዕውቀት» የተባለው ስሙ የሚታመን ሰው ከጻፈው በኋላ ነበር። ይህ ሥርዓት በጉንዳን አልጀመረም፤ በጉንዳንም አላበቃም።

ከሁለት መስታወት መካከል

ጉንዳንን በቤት የማኖር ጥበብ የጀመረው በተመራማሪዎች ጠረጴዛ ላይ ነው። የጄኔቫው ፒየር ሁበር በ1810 ባሳተመው መጽሐፉ ጉንዳኖችን በመስታወት ቤት አኑሮ ያየውን ተረከ። ከእርሱ በኋላ የመጣው ጆን ላቦክ በሙያው የባንክ ባለቤት፣ በሹመቱ የእንግሊዝ ፓርላማ አባል ነበር። በ1871 የወጣውን የባንኮች የዕረፍት ቀን ሕግ ያስጸደቀውም እርሱ ነው። ላቦክ በሁለት የመስታወት ገጾች መካከል ስስ አፈር አድርጎ ጉንዳን ያኖር ነበር። በዲሴምበር 1874 የያዛት ንግሥት እስከ ኦገስት 1888 ኖረችለት። በእጁ ብቻ ከ13 ዓመት በላይ መሆኑ ነው። በ1890ዎቹ ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሻርል ዣኔ ከጀሶ የተቀረጸ፣ አንዱ ወገን በውኃ የሚረጥብ ጎጆ ሠራ። የዛሬዎቹ ዘመናዊ ጎጆዎች የእርሱ ልጆች ናቸው።

ወደ ገበያ የወጣው የመጀመሪያው ትልቅ ምርት ግን በአሜሪካ፣ በ1956 ሚልተን ሌቪን ለገበያ ያቀረበው የፕላስቲክ የጉንዳን ማኖሪያ ነው። ከ20 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ለእርሱ የሚላኩት ሠራተኞች ብቻ ነበሩ፤ ሕያው ንግሥት ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት ማዘዋወር በሕግ የተገደበ ነበርና። ሠራተኞቹ ከጥቂት ወራት በኋላ ይሞታሉ፤ ገዢው ሌላ ያዛል። በእኛ ሙያ ቋንቋ፣ ንግሥት የሌለበት መንጋ የፍጆታ ዕቃ ነው፣ ንግሥት ያለችበት መንጋ ግን ካፒታል ነው። ለዓመታት ሠራተኛ እየወለደች ራሷን የምትተካ ሀብት ናት።

ወሳኙ ግኝት የመጣው ካፒታሉን በኪስ መያዝ ሲቻል ነው። ጥበቡ ቀላል ነው፦ የቤተ ሙከራ ቱቦ ይወሰዳል፣ ታችኛው ክፍል ውኃ ይሞላል፣ ውኃው በጥጥ ይወተፋል፣ ንግሥቲቱ ትገባለች፣ አፉም በሌላ ጥጥ ይዘጋል። ቀሪው ጨለማና ትዕግሥት ነው። ይህ የሚሠራው ተፈጥሮ ንግሥቲቱን ስንቋን በሰውነቷ ይዛ እንድትጓዝ አድርጎ ስለ ፈጠራት ነው። ዝናብ ከጣለ በኋላ እንደ አሸን ከሚፈሉት ክንፋሞች አንዷ ሆና ትበራለች፣ ትጠቃለች፣ ለዕድሜዋ የሚበቃትን ዘር በሆዷ ታኖራለች። ከዚያም ክንፏን ጥላ ጉድጓድ ትገባለች። የመጀመሪያዎቹ ልጆቿ እስኪያድጉ ምንም ሳትበላ የበረራ ጡንቻዋን ራሱን ወደ ምግብ እየለወጠች ትቆያለች። በናይቫሻ የተያዙት ቱቦዎች ጉንዳኖቹን ለሁለት ወር ያህል በሕይወት ሊያቆዩ የሚችሉ እንደነበሩ የኬንያ የዱር እንስሳት አገልግሎት ገልጿል።

የኢኮኖሚ ታሪክ ይህን የመሰለ ነገር ከዚህ በፊት አይቷል። በ1829 ገደማ የለንደኑ ሐኪም ናታንኤል ዋርድ በታሸገ መስታወት ውስጥ ተክል ያለ ተጨማሪ ውኃ እንደሚኖር አስተዋለ። ከሁለት አሥርት ዓመታት በኋላ ሮበርት ፎርቹን በዚያው ዓይነት ሣጥን በሺህ የሚቆጠሩ የሻይ ችግኞችን ከቻይና አውጥቶ ወደ ሕንድ አሻገረ። ሻዩ ለብዙ መቶ ዓመታት በቻይና ነበር፤ የተለወጠው ማጓጓዣው ነው። ቱቦውና ጥጡ ለጉንዳን የዋርድ ሣጥን ሆኑ። በ2000ዎቹ የኢንተርኔት መደብሮች ሲጨመሩበት ገበያው ሙሉ ሆነ። ቻይና ውስጥ ብቻ የተደረገና በ2023 የታተመ ጥናት፣ በግማሽ ዓመት ገደማ ከ58 ሺህ በላይ የጉንዳን መንጋዎች በኢንተርኔት መሸጣቸውን ቆጥሯል።

የ200 ሽልንግና የ200 ዶላር ርቀት

በኬንያ ለ5,000ዎቹ ጉንዳኖች የተሰጠው ግምት 1 ሚሊዮን ሽልንግ አካባቢ ነበር። ለአንዲት ንግሥት ሲካፈል 200 ሽልንግ ገደማ፣ ማለትም ከ2 ዶላር በታች ይሆናል። በአውሮፓ ገበያ የአንዲት የሜሶር ሴፋሎቴስ ንግሥት ዋጋ እስከ 220 ዶላር እንደሚደርስ በወቅቱ ተዘግቧል። ይህ ከፍተኛው ዋጋ ነው፤ 5,000 ንግሥቶች በአንድ ጊዜ ለገበያ ቢቀርቡ ዋጋው መውረዱ አይቀርም። ቢሆንም ልዩነቱ ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። ቅጣቱንም በዚሁ ሚዛን ብናየው፣ 7,700 ዶላር በከፍተኛው ዋጋ የ35 ንግሥቶች ሽያጭ ነው።

በዚህ ርቀት መካከል ማን ምን አገኘ ብለን ብንጠይቅ፣ የቱቦው ጥበብ ባለቤት፣ የመደብሩ ባለቤትና የመላኪያው ኩባንያ ድርሻ አላቸው። ከዝናብ በኋላ ጎንበስ ብሎ የለቀመው ሰው ጥቂት ያገኛል። መሬቱ፣ ማለትም ዘር የምታሰራጭለትንና አፈሩን አየር የምታስገባለትን ጉንዳን ያጣው ሣራማ ሜዳ፣ ምንም አያገኝም።

ሕጉስ? ይህች ዝርያ የዱር እንስሳት ዓለም አቀፍ ንግድን በሚቆጣጠረው ስምምነት ዝርዝር ውስጥ አልነበረችም። የኬንያ ባለሥልጣናት የተመረኮዙት በአገራቸው የ2013 የዱር እንስሳት ሕግ ሲሆን፣ በ2010 የጸደቀውን የናጎያ ፕሮቶኮልም ጠቅሰዋል። ፕሮቶኮሉ ከአንድ አገር ሥነ ሕይወታዊ ሀብት የሚገኝ ጥቅም ለዚያ አገር እንዲደርስ ያዝዛል። ዳኛዋም በቱቦ ታጭቀው ሊሻገሩ የነበሩትን ጉንዳኖች ዕጣ ከባሪያ ንግድ ጋር አነጻጽረውታል።

በጨለማ የሚወጣ ሕግ

አገራችን ይህን መንገድ በጤፍ ታውቀዋለች። በ2005 አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር የጥቅም መጋራት ውል ተፈራረመ፤ ውሉ በዘመኑ እንደ አርኣያ ይጠቀስ ነበር። በጎን ግን የጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ በአውሮፓ የፈጠራ ባለመብትነት ተመዘገበ። ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ ኢትዮጵያ ያገኘችው ከጥቂት ሺህ ዩሮ አላለፈም። ባለመብትነቱን በ2018 የሻረው የሄግ ፍርድ ቤት ሲሆን፣ እርሱም በሁለት የውጭ ኩባንያዎች ሙግት እንጂ በኢትዮጵያ ክስ አልነበረም። ኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. (በ2006 መሆኑ ነው) በአዋጅ ቁጥር 482 የጄኔቲክ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደንግጋ ነበር። አዋጁ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ሕግ ያወጣ አገር ሁሉ ዕውቀቱን ያዘ ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ የጉንዳኗ ጉዳይ ከጤፍ ይልቅ ይከፋል። ጤፍ ይዘራል። አብዛኞቹ ጉንዳኖች ግን በምርኮ አይጠቁም፤ በረራቸው ሰማይና ዝናብ ይፈልጋል። ስለዚህ ለገበያ የምትቀርብ ንግሥት ሁሉ ከሜዳ የተለቀመች ናት ማለት ይቻላል። ንግዱ እርባታ ሳይሆን ለቀማ ነው። በአንጻሩ ደግሞ ከበረራ ከሚመለሱት ንግሥቶች እጅግ የሚበዙት መንጋ ሳይመሠርቱ በወፍ፣ በእንሽላሊትና በድርቀት ያልቃሉ። ስለዚህ በፈቃድና በልክ ቢለቀም ሜዳው ላይጎዳ ይችላል የሚል ክርክር መሠረት አለው። ልኩ ስንት ነው ሲባል ግን መልስ የለም፤ መንጋዎቹን በየሜዳው የቆጠረ የለምና። ስለዚህች ዝርያ አኗኗር፣ ስለ ምግቧና ስለ ሙቀቷ ዝርዝር ማስታወሻ የሚይዙት ቱቦውን ከፍተው በየቀኑ የሚመለከቷት የሩቅ አገር ባለ መስታወቶች ናቸው። የተወለደችበት አገር ስለ እርሷ ካለው መዝገብ ይልቅ የገዢዎቿ መዝገብ ይወፍራል።

ስለዚህ «ይከልከል» እና «ይፈቀድ» የሚሉት ሁለቱም ወገኖች በግምት ይከራከራሉ። እገዳ ያለ ቆጠራ የኮንትሮባንዱን ዋጋ ሊያንር ይችላል፤ ፈቃድ ያለ ቆጠራ ሜዳውን ባዶ ሊያስቀር ይችላል። ከሁለቱ አስቀድሞ መሠራት ያለበት እምብዛም ውድ አይደለም። የአንድ አውራጃን መንጋዎች ለጥቂት ዓመታት የሚቆጥሩ ጥቂት ተማሪዎች፣ የበረራውን ቀን የሚመዘግቡ የአካባቢው አርብቶ አደሮች፣ መዝገቡንም የሚያኖር አንድ ዩኒቨርሲቲ ይበቃሉ። አራቱ ተከሳሾች የተፈረደባቸው ቅጣት በድምሩ 30 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት ቆጠራ ያንሳል ብዬ አላምንም።

ቆጠራው እስኪመጣ ድረስ ለጥርጣሬው ዘመን ደንብ ያስፈልጋል። ከ1,800 ዓመት በፊት በጉንዳን ጉድጓድ አፍ ላይ የተከራከሩት ረቢ ሜይር የሰጡት ብያኔ ዛሬም የሚሻል ይመስለኛል፦ የማን እንደሆነ ያጠራጠረ ሀብት መጀመሪያ ለሌለው ይቆጠር። በናይቫሻ ሜዳ ላይ ያ የሌለው ወገን ሜዳው ራሱና ከዝናብ በኋላ ጎንበስ ብሎ የሚለቅመው ሰው ናቸው።