ቆልማማ እግርና የጋሞ ደጋ

ከጨንቻ አፋፍ ወደ አባያ ሐይቅ ቁልቁል የሚወርደውን መንገድ፣ መኪና ሳይለምደው በፊት፣ የጋሞ ሰው ሸክሙን ይዞ በእግሩ ሲወርድና ሲወጣ ኖሯል። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ተነሥቶ ቆላው ገበያ የሚደርሰው እግር ብቻ ሳይሆን፣ የዶርዜ ሸማኔ በጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ መርገጫውን እያፈራረቀ የሚረግጥበት እግርም የቤተ ሰብ መተዳደሪያ ስለ ነበረ፣ መዳፉ ወደ ውስጥ ዞሮ፣ ተረከዙ ወደ ላይ ተሰቅሎ የተወለደ ሕፃን በዚህ አገር ዕጣው እጅግ የከበደ ነበር።

የሕማሙን ምክንያት አባቶች ከሥርዓት መተላለፍ ይሹት ነበር። በጋሞ ዘንድ የተከለከለውን መድፈር ጎሜ ይባላል፤ በሽታም፣ መካንነትም፣ የዝናብ መቅረትም ከጎሜ ይመጣል ተብሎ ይታመን ስለ ነበረ፣ ቆልማማ እግር ያለው ልጅ የተወለደበት ቤት ሽማግሌ ጠርቶ በደሉን ይመረምር እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም። ይህም የጋሞ ብቻ አይደለም፤ ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው፣ የበደለው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ጌታን እንደ ጠየቁ፣ እርሱም ሁለቱንም እንዳልተቀበለ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ተጽፏል። ሐኪሞችም ዛሬ የዘር ድርሻ እንዳለበት ቢያውቁ፣ የወላጅ በደል ግን አያውቁም፤ በዓለም ከሚወለዱት 1,000 ሕፃናት አንድ ያህሉ እንዲህ ሆኖ ይወለዳልና።

ከሽማግሌው ቀጥሎ የሚፈለገው ወጌሻ ነበር። ወጌሻ ወለምታን አሽቶ፣ ስብራትን በስንጥቅ ቀርከሃ አስሮ ብዙ ሰው ረድቷል፤ ማሰሪያው ሲጠብቅ ግን ደም ይታገድና ሥጋው ይሞታል፣ በዚህም ጠንቅ እጃቸው ወይም እግራቸው የተቆረጠ ሕፃናት በአገራችን ሆስፒታሎች ብዙ ጊዜ ታይተዋል። ሆኖም የጨቅላ እግር በእጅ ይቀናል የሚለው አሳብ ራሱ ስሕተት አልነበረም፤ የጽርእ ሐኪም ሂፖክራተስ ከክርስቶስ ልደት 400 ዓመት ያህል በፊት፣ ሐኪሙ እግሩን በእጁ እንደ ሰም ቀስ አድርጎ እንዲያቀናና እንዲጠቀልል አስተምሯል።

ይህን ጥበብ በዘመናችን ያጸናው እ.ኤ.አ. በ1914 በሜኖርካ ደሴት የተወለደው ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ነው። በእስፓኝ የእርስ በርስ ጦርነት ቁስለኛ ሲያክም ቆይቶ ተሰደደ፤ በኋላም በአሜሪካ በአይዋ ዩኒቨርሲቲ ሲሠራ፣ በቢላዋ የተቃና እግር ከዓመታት በኋላ እንደሚደርቅና እንደሚያም ስላየ ወደ እጅ ሥራ ተመለሰ። ባለሙያው አውራ ጣቱን በቁርጭምጭሚቱ አጥንት ራስ ላይ፣ በውጭ ጎኑ በኩል፣ አሳርፎ የእግሩን ፊት በዝግታ ወደ ውጭ ይመልሳል፤ በጀሶም ከጣት እስከ ጭን ይጠቀልለዋል፤ ይህንም በሳምንት አንድ ጊዜ እያደረገ አምስት ስድስት ጊዜ ይደግማል። በመጨረሻ የተረከዙ ጅማት በአብዛኛው በትንሽ ቀዳዳ ይቆረጥና፣ በዘንግ የተያያዘ ጫማ ሦስት ወር ሙሉ ቀንና ሌሊት፣ ከዚያም እስከ አራት ዓመት ዕድሜ ድረስ ሌሊት ሌሊት ይደረጋል።

በአገራችን ለዚህ ሕክምና መስፋፋት እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ የተከፈተው የኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ትልቅ ድርሻ አለው። ነገር ግን የጋሞ እናት ሕፃን አዝላ 500 ኪሎ ሜትር ያህል በየሳምንቱ ልትመላለስ አትችልም። ጀሶውን ማድረግ ለሠለጠነ የጤና ባለሙያ የሚቻል ስለ ሆነ፣ ሆስፒታል፣ ዩኒቨርሲቲና የአካል ተሐድሶ ማዕከል ባላት በአርባ ምንጭ ሊጸና የሚገባው ሥራ ነው።

በሕፃንነት ሊታይ የሚገባው ሌላው የእግር ጉዳት የዳሌ ውልቃት ነው፤ ለዚህ ግን እናቶቻችን ሳያውቁ ጠባቂ ሆነው ኖረዋል። በአንቀልባ የታዘለ ሕፃን ጭኖቹን ከፍቶ የእናቱን ወገብ ስለሚያቅፍ፣ የጭኑ ራስ በማረፊያው ውስጥ ይጸናል፤ ጃፓኖች የሕፃንን እግር ቀጥ አድርገው ይጠቀልሉ የነበረውን ልማድ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሲተዉ ውልቃቱ በእጅጉ ቀንሶላቸዋል። ማሪኖ ኦርቶላኒ የተባለው ጣሊያናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1937 የገለጠው ምልክት፣ ማለትም ጭኑ ሲከፈት ለእጅ የሚሰማው የመግባት ድምፅ፣ ከተወለደ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ስለሚጠፋ ምርመራው በጨቅላነት መሆን አለበት።

ስለዚህ አዋላጆች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ሕፃኑን በአርባና በሰማንያ ቀን ለጥምቀት የምታቅፉ የክርስትና አባቶችና እናቶች ሆይ፣ ጥቅልሉን ፈትታችሁ እግሩን ተመልከቱ፤ ዞሮ ብታገኙት ዛሬውኑ ወደ ሐኪም አድርሱት።