ከከርቲስ ደጃፍ የተመለሰችው ኒና ሲሞን

(ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በ2017 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ ትራየን በምትባል ትንሽ ከተማ አንዲት ያረጀች የእንጨት ቤት ለሽያጭ ቀረበች። ሦስት ክፍል ብቻ ናት። ቀለሟ ተላልጧል፣ የሚገዛት ካልተገኘ መፍረሷ አይቀርም ይባል ነበር። አራት ስመ ጥር ጥቁር የሥነ ጥበብ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው በ95 ሺህ ዶላር ገዟት። ከአራቱ አንዷ አዲስ አበባ ተወልዳ በሰባት ዓመቷ፣ በደርግ ዘመን፣ ከቤተሰቧ ጋር ወደ አሜሪካ የሄደችው ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ ናት።

በዚያች ቤት ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1933 የተወለደችው ልጅ ስሟ ዩኒስ ካትሊን ዌይመን ነበር። ከስምንት ልጆች ስድስተኛዋ። ዓለም የሚያውቃት ግን ኒና ሲሞን በሚለው ስም ነው። ያንን ስም ያወጣችው ከእናቷ ለመደበቅ ነው። ለምን እንደተደበቀች ለመረዳት ከልጅነቷ መነሳት ያስፈልጋል።

እናቷ ሜሪ ኬት እሑድ እሑድ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ፣ በሌላው ቀን የነጮች ቤት ሠራተኛ ነበረች። አባቷ በዚያ የድቀት ዘመን ያገኘውን ሁሉ ይሠራል። ልጅቱ ገና ሦስት አራት ዓመቷ ሳለ ፒያኖ ላይ ወጥታ የሰማችውን መዝሙር ትመታ ጀመር። ማንም አላስተማራትም። ብዙም ሳይቆይ የቤተ ክርስቲያኑ ፒያኖ ተጫዋች ሆነች። እናቷ የምታገለግልበት ቤት እመቤት ይህን አይተው የአንድ ዓመት የትምህርት ክፍያ ሸፈኑ፤ ዩኒስም የባቡር ሐዲዱን ተሻግራ ወደ ነጮቹ ሰፈር፣ እንግሊዛዊት ወደሆነችው የፒያኖ መምህርት ሙሪየል ማዛኖቪች ዘንድ በየሳምንቱ መመላለስ ያዘች። ዓመቱ ሲያልቅ መምህርቷ በልጅቷ ስም የመዋጮ ሣጥን አቋቋመች፤ የከተማው ሰው፣ ነጩም ጥቁሩም፣ አዋጣ።

ይህ ነገር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ጥቁርና ነጭ በአንድ ወንበር በማይቀመጥበት አገር አንድ ከተማ ተባብሮ አንዲት ጥቁር ልጅ የባኽን ሙዚቃ እንድትማር ከፈለ። ዕቅዱም ግልጽ ነበር፤ ዩኒስ በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ታላቅ ጥቁር የክላሲካል ፒያኖ ተጫዋች ትሆናለች። ውለታው ግን ወሰን ነበረው። አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆናት ለአዋጪዎቿ ምስጋና ይሆን ዘንድ በከተማው ቤተ መጻሕፍት ፒያኖ እንድትጫወት ተደረገ። እናትና አባቷ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር። ነጮች ሲመጡ ተነሱ ተብለው ወደ ኋላ ሄዱ። ልጅቷ ከፒያኖው ፊት ቆማ፣ ወላጆቼ ወደ ቦታቸው ካልተመለሱ አልጫወትም አለች። ተመለሱ። ከአድማጩ መሃል የሳቁ እንደነበሩ በኋላ ዘመን ተናግራለች፤ ያቺን ቀንም እስከ መጨረሻው አልረሳቻትም።

በ1950 ክረምት ኒው ዮርክ በሚገኘው ጁሊያርድ ተምራ፣ ፊላዴልፊያ ላለው ለከርቲስ የሙዚቃ ተቋም የመግቢያ ፈተና ተዘጋጀች። ከርቲስ የሚቀበለው ጥቂት ሰው ነው፣ የተቀበለውን ግን በነጻ ያስተምራል። ቤተሰቡ ልጃችን ትገባለች ብሎ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ፊላዴልፊያ ሄደ። በ1951 መልሱ መጣ፤ አልተቀበሏትም።

በቆዳዬ ምክንያት ነው አለች፤ እስክትሞትም ከዚህ ቃሏ አልተመለሰችም። በተቋሙ በኩል የሚሰጠው መልስ ሌላ ነው። በዚያ ዓመት ካመለከቱት 72 ሰዎች የተቀበሉት ሦስቱን ብቻ ነው፤ በኋላ በግል ያስተማራት የከርቲስ መምህር ቭላድሚር ሶኮሎፍም ዘር ምክንያት አልነበረም ብሏል። ማን ልክ እንደሆነ ዛሬ በማስረጃ መፍረድ ያስቸግራል። ነገር ግን ወላጆቿ ከወንበራቸው ሲነሱ ያየች ልጅ፣ የተዘጋ በር ሲገጥማት ሌላ ምክንያት እንድትፈልግ መጠበቅም የዋህነት ነው። ጥርጣሬውን የፈጠረችው እሷ አይደለችም፤ አገሩ ነው ያስተማራት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የእንጀራ ጉዳይ ነበር። ለዘፈን ተማሪዎች ፒያኖ እያጀበች፣ ልጆች እያስተማረች ቆይታ በ1954 ክረምት አትላንቲክ ሲቲ በሚገኝ ሚድታውን በሚባል መጠጥ ቤት ሥራ አገኘች። በሳምንት 90 ዶላር፣ ከማታ እስከ ሌሊቱ መገባደጃ። የመጀመሪያ ቀን ፒያኖ ብቻ ተጫወተች። ባለቤቱ ነገ ካልዘፈንሽ ሥራው የለም አላት። ዘፍና የማታውቀው ሴት በማግሥቱ ዘፈነች። ያ ጥቁር ቡና የመሰለ፣ ወንድ ይሁን ሴት ለአፍታ የሚያጠራጥር ወፍራም ድምፅ የተገኘው እንዲህ፣ በመጠጥ ቤት ባለቤት ማስፈራሪያ ነው።

እናቷ ግን የሰይጣን ሙዚቃ የምትለውን ልጇ በመጠጥ ቤት እንደምትጫወት እንድታውቅ አልፈለገችም። ልጄ አዝማሪ ሆነች ብሎ አንገቱን የሚደፋ ወላጅ ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ስለዚህ ስሟን ቀየረች። ኒና ወዳጇ የሆነ ሰው በስፓኒሽ ትንሿ ብሎ የሚጠራበት ስም፣ ሲሞን ደግሞ ከፈረንሳዊቷ ተዋናይት ሲሞን ሲኞሬ የተወሰደ። ሰዎች ጃዝ ዘፋኝ ሲሏት አትወድም ነበር። ያቋረጥኩትን ክላሲካል ነው የምጫወተው ትል ነበር፤ የመጀመሪያ አልበሟን በጥሞና የሰማ ሰው በፍቅር ዘፈን መሃል የባኽ አጨዋወት ብቅ ሲል ያገኘዋል።

ያ አልበም ቤተልሔም በሚባል የሸክላ አሳታሚ ወጣ። ከውስጡ ከጋርሽዊን ኦፔራ የተወሰደው ስለ ፖርጊ የሚዘፈነው ዘፈን በ1959 በአሜሪካ ገበታ ከሃያዎቹ ውስጥ ገባ። ኒና ግን መብቷን በ3 ሺህ ዶላር ሸጣ ጨርሳ ነበር። ከዚያ በኋላ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ሳላገኝ ቀረሁ ትላለች።

በዚህ መሃል ኒው ዮርክ ዝነኛ ሆነች፤ አንድሩ ስትራውድ የተባለ የፖሊስ መርማሪ በ1961 አገባች። እሱም ሥራውን ትቶ ሥራ አስኪያጇ ሆነ። ገንዘብ አስገኘላት፣ ደበደባትም። ሁለቱም እውነት ነው።

አሁን ወደ 1963 እንምጣ። ኤፕሪል 12 ቀን ኒና በካርኔጊ አዳራሽ ፒያኖ ላይ ተቀምጣለች፤ የልጅነት ሕልሟ ነበር፣ ምንም እንኳ ባኽን ለመጫወት ባይሆንም። በዚያው ዕለት ዶ/ር ማርቲን ሉተር ኪንግ በርሚንግሃም ውስጥ ታሰሩ። ወዳጇ ጸሐፌ ተውኔት ሎሬይን ሀንስቤሪ ደውላ፣ ወገንሽ ይህን እያየ አንቺ ምን እየሠራሽ ነው ብላ አፋጠጠቻት። ሀንስቤሪ ከማንም በላይ ኒናን ወደ ፖለቲካ የጎተተች ሴት ናት። ሁለቱ ሲገናኙ ስለ ልብስና ስለ ወንድ አያወሩም ነበር፣ ስለ ማርክስና ስለ ሌኒን ነበር ወጋቸው።

ጁን 12 ሜድጋር ኤቨርስ በሚሲሲፒ ደጃፉ ላይ በጥይት ተገደለ። ሴፕቴምበር 15 ቀን እሑድ ጠዋት በበርሚንግሃም ቤተ ክርስቲያን ቦንብ ፈነዳ። አዲ ሜይ ኮሊንስ፣ ሲንቲያ ዌስሊ፣ ካሮል ሮበርትሰን፣ ዴኒስ ማክኔር ሞቱ። ሦስቱ አሥራ አራት፣ ዴኒስ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። የኒና ልጅ ሊሳ የመጀመሪያ ልደቷን ካከበረች ገና ሦስተኛ ቀኗ ነበር።

ኒና ያደረገችው ነገር ለታሪክ ጸሐፊ አይመችም። ጓዳ ገብታ ያገኘችውን ቁርጥራጭ ብረት ሰብስባ ጠመንጃ ለመሥራት ሞከረች። ባሏ ገብቶ አየና ስለ መግደል የምታውቂው የለም፣ ያለሽ ሙዚቃ ነው አላት። ፒያኖው ላይ ተቀመጠች። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሚሲሲፒ ጋድዳም የተባለው ዘፈን አለቀ። የመጀመሪያው የተቃውሞ ዘፈኗ ነው።

የዘፈኑ ርዕስ ራሱ እርግማን ነው፣ በዚያ ዘመን በሬዲዮ የማይነገር። ብልሃቱ ግን ዜማው ውስጥ ነው። ዜማው ፈጣንና ፈንጠዝያ የተሞላ፣ ለብሮድዌይ ትርዒት የተሠራ ይመስላል። በማርች 1964 ካርኔጊ አዳራሽ በቀጥታ ሲቀዳ አብዛኛው ነጭ የነበረው አድማጭ መጀመሪያ ሲስቅ ይሰማል። ቀልድ መስሎታል። ከዚያ ሳቁ እየሳሳ ይሄዳል። ቀስ በሉ እያሉ ጥቁሩን የሚያጽናኑትን ለዘብተኞች ነው የምትመታው፤ እነሱ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ቲኬት ገዝተው ተቀምጠዋል። ጨቋኝን ከሩቅ መስደብ ብዙ ዘፋኝ ይችልበታል። ቲኬት የገዛን ወዳጅ ፊት ለፊት መውቀስ ግን ሌላ ድፍረት ይጠይቃል።

በደቡብ ያሉ ጣቢያዎች ዘፈኑን አገዱ። ከአንድ ጣቢያ የተላከለት የሸክላ ካርቶን አንድ በአንድ ለሁለት ተሰብሮ ተመለሰ። እሷ ግን በማርች 1965 ከሰልማ ወደ ሞንትጎመሪ በሚጓዙት ሰልፈኞች ፊት ቆማ ዘፈነችው። በ1966 አራቱ ሴቶች የሚለውን ዘፈን ስታወጣ ደግሞ አንዳንድ የጥቁሮች ጣቢያዎችም አናጫውትም አሉ፤ ስለ ቆዳ ቅላትና ጥቁረት በገዛ ወገን መሃል ያለውን ቁስል ነክታለችና። ኪንግ በተገደሉ በሦስተኛው ቀን፣ ኤፕሪል 7 ቀን 1968፣ ባንዱ ውስጥ ቤዝ የሚጫወተው ጂን ቴይለር ገና የደረሰውን የሐዘን ዘፈን በመድረክ ላይ ተጫወተችው። ጓደኛዋ ሀንስቤሪ በ1965 በሠላሳ አራት ዓመቷ በካንሰር ሞታ ነበር፤ ወጣት፣ ባለ ተሰጥኦና ጥቁር ስለ መሆን የሚለው የ1969 ዘፈን የእሷ መታሰቢያ ነው።

ብዙ ጊዜ ትግሉ ሥራዋን ገደለባት ይባላል፤ እሷም ትለው ነበር። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ሬዲዮው ፊቱን እንዳዞረባት አይካድም። ነገር ግን ኮንሰርት አርፍዳ የምትመጣው፣ የሚያወራ አድማጭ ካየች ጨዋታ የምታቆመው፣ ከሙዚቃ ነጋዴ ሁሉ ጋር የምትጋጨው ከ1963 በፊትም ነበር። ግብሯ ሳይከፈል ተከምሯል። ትዳሯ ፈርሷል። ከሁሉ በላይ በዚያን ጊዜ ስም ያልወጣለት ሕመም ውስጧ ነበር፤ ባይፖላር የሚባል የአእምሮ ሕመም መሆኑ የታወቀው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። አድናቂዎቿ ሁሉንም በትግሉ ላይ ሲያሳብቡ ሰው የነበረችውን ሴት ሐውልት ያደርጓታል።

በ1970 ወደ ባርባዶስ ሄደች። በ1974 ደግሞ ሚርያም ማኬባ ነይ ወደ አፍሪካ አለቻትና ልጇን ይዛ ላይቤሪያ ገባች። ማኬባ በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረት የዘፈነችው ደቡብ አፍሪካዊት ናት፤ ስቶክሊ ካርማይክልን በማግባቷ ምክንያት የአሜሪካ መድረክ የተዘጋባት፣ ስለዚህም የኒናን ነገር ሳይነግሯት የምታውቅ። ኒና የሞንሮቪያን ዓመታት ከዕድሜዋ የተሻሉት ነበሩ ትላለች። ልጇ ሊሳ ግን ስታድግ የተናገረችው ሌላ ነው፤ እናቴ የምትደበድበኝ በዚያ ዘመን ነበር አለች። የተደበደበች ሴት ልጇን ደበደበች። ለሚወዳት አድማጭ ከባድ ምዕራፍ ነው፣ ግን የሕይወቷ ክፍል ነው።

ከዚያ ስዊዘርላንድ፣ ፓሪስ፣ ሆላንድ። አንዳንዴ በትንሽ ገንዘብ በትንንሽ ቤቶች ትጫወት ነበር። በ1987 በእንግሊዝ አገር አንድ የሽቶ ማስታወቂያ በመጀመሪያው አልበሟ ላይ የነበረውን፣ እሷ እንኳን ከቁም ነገር ያልቆጠረችውን ቀላል የፍቅር ዘፈን ተጠቀመበት፤ ዘፈኑ በሠላሳ ዓመቱ በብሪታንያ ገበታ አምስተኛ ሆነ። መብቱ በ3 ሺህ ዶላር የተሸጠው ያው ዘፈን መሆኑ ነው።

የመጨረሻ ዓመታቷን በደቡብ ፈረንሳይ አሳለፈች። ኤፕሪል 21 ቀን 2003 ካሪ ለ ሩዌ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ በሰባ ዓመቷ በካንሰር አረፈች። በቀብሯ ላይ ሚርያም ማኬባ ተገኝታለች፤ አመዷም በልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች ተበትኗል። ከመሞቷ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ከሃምሳ ሁለት ዓመት በፊት አንቀበልሽም ያላት የከርቲስ የሙዚቃ ተቋም የክብር ዲግሪ ሰጥቷት ነበር።