በጥንታዊው የስላቭ ቋንቋ ከግሥ ስለሚወጡ ስሞች

ጽሑፍ ያልተወ ሕዝብ ኑሮው በምን ይታወቃል? የስላቭ ሕዝቦች በምሥራቅ፥ በምዕራብና በደቡብ ሳይከፋፈሉ በፊት ይናገሩት የነበረው ቋንቋ አንድም መጽሐፍ አላስቀረልንም። ቄርሎስና መቶዲዮስ ወደ ሞራቪያ የተላኩት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ863 ዓ.ም. ሲሆን፥ የስላቭ ሥነ ጽሑፍም በእነርሱ ሥራ ይጀመራል። ከዚያ የቀደመውን ቋንቋ ሊቃውንት የሚደርሱበት በኋላ የተጻፉትንና ዛሬ የሚነገሩትን የስላቭ ቋንቋዎች በማነጻጸር ነው።

ለዚህም ሥራ ከግሥ የሚወጡ ስሞች ጥሩ ምስክሮች ናቸው። በግሡ ሥር መጨረሻ «ቴል» ሲጨመር አድራጊውን ያመለክታል፤ ከ«ኡቺቲ» (ማስተማር) «ኡቺቴል» (አስተማሪ) ይወጣል። «ትቫ» ሲጨመር ሥራውን ያመለክታል፤ ከ«ዠንቲ» (ማጨድ) «ዠንትቫ» (አጨዳ) ይገኛል። «ድሎ» ደግሞ መሣሪያውን ይሰይማል፤ ከ«ኦራቲ» (ማረስ) «ኦርድሎ» (ማረሻ)፥ ከ«ሺቲ» (መስፋት) «ሺድሎ» (ወስፌ)፥ ከ«ሚቲ» (ማጠብ) «ሚድሎ» ይወጣሉ። እኛም ከ«አረሰ» «ማረሻ» እንላለን፤ ነገር ግን ይህ የአሠራር መመሳሰል እንጂ የዝምድና ማስረጃ አይደለም።

ሕዝቡ ከተከፋፈለ በኋላ ቅጥያው በየአገሩ መልኩን ለወጠ። ቼኮችና ፖላንዶች የ«ድ»ን ድምፅ ጠበቁ፤ ሩሲያውያን፥ ሰርቦችና ቡልጋሮች ግን ጣሉት። ስለዚህ ቼኩ «ሺድሎ» የሚለውን ሩሲያዊው «ሺሎ» ይለዋል። ለውጡ ሥርዓት ያለው በመሆኑ ቃሉን አንዱ ከሌላው በቅርብ ጊዜ እንዳልተዋሰው እንረዳለን።

ይሁን እንጂ የታሪክ ተማሪ ሁለት ነገር መጠንቀቅ አለበት። አንደኛ፥ የግሪክ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ወደ ስላቭ ሲተረጐሙ «ቴል» እጅግ ስለ ተዘወተረ፥ በእርሱ የሚጨርስ ቃል ሁሉ ጥንታዊ ነው ማለት አይቻልም። ሁለተኛ፥ «ሚድሎ» በዛሬዎቹ ቼክኛና ፖላንድኛ፥ «ሚሎ» በሩሲያኛ ሳሙና ማለት ነው፤ ነገር ግን የቃሉ አወጣጥ የሚነግረን «የሚታጠቡበት ነገር» መሆኑን ብቻ ነው። ጥንታውያኑ ስላቮች የዛሬውን ዓይነት ሳሙና ያውቁ ነበር ለማለት አያበቃም።

እንግዲህ የማረሻና የአጨዳ ስሞች ያ ሕዝብ ገበሬ እንደ ነበረ ይመሰክራሉ። ማረሻው ከእንጨት ይሁን ከብረት፥ ቅርጹስ ምን ይመስል እንደ ነበረ ግን መጠየቅ ያለበት ቃሉ ሳይሆን ከመሬት ተቈፍሮ የሚወጣው ዕቃ ነው።